ያጸዱልኝ መጽሐፍ

ነገር ሁሉ የተበላሸብኝ ማክሰኞ ቀን ነው፤ ለዚህ ነው ማክሰኞ ጸጉሬን የማልቆረጠው። ዛሬ ግን ምን ይደረግ፣ በበርህ ሳልፍ ወንበርህ ባዶ ሆኖ አየሁትና እግሬ ራሱ አስገባኝ። ደህና ነህ ግን? ልጆቹስ? ያቺ ቶንዶስህ ዛሬም ጆሮ አካባቢ ስትደርስ ትነክሳለች? ከኋላ ብዙ አታሳጥረው ወንድሜ። ከላይማ የሚያጥር ነገር አልቀረም፤ እሱን ዕድሜ አጽድቶልኛል።

እዚህ ጎኔ የተጋደሙት ጋሼ ማን ናቸው? አይ አትንገረኝ፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው። ባልደረባህ ፊታቸውን በትኩስ ፎጣ ጠቅልሎ ጠቅልሎ አፍንጫቸውን ብቻ ነው የተወላቸው። ጥሩ አድርጓል፤ ሰው መተንፈስ አለበት። ጫማቸው ግን እንዴት ያምራል! እንዲህ ያለ ባለ ዘለበት ጫማ የሚያዘወትሩ አንድ ትልቅ ሰው አውቅ ነበር... ግን ጫማ ከጫማ ይመሳሰላል። መጽሐፍም ከመጽሐፍ ይመሳሰላል። ይረፉ። ፂም የሚለሰልሰው በዝምታ ነው፤ የእኛ ወሬ አይረብሻቸውም።

ምን እያልኩህ ነበር? አዎ፣ ማክሰኞ...

ድሮ ዩኒቨርሲቲ አስተምር እንደነበር ታውቃለህ። ውሃ ከምንጩ እንዴት ወደ ቤት እንደሚመጣ፣ ከቤት ወጥቶ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ነበር የማስተምረው። ወጣቶቹ የሚማሩበት መጽሐፍ ስላልነበረ ጻፍኩላቸው። ዓመታት ፈጀብኝ። ባለቤቴ፣ "አንተ መጽሐፍ አግብተሃል፣ እኔ ሞግዚቱ ነኝ" እስክትል ድረስ። የሠራሁት ደግሞ በገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ይህ ቀመር እዚህ ይቀመጥ፣ ይህ ሥዕል እዚያ ይሁን ብለህ በጽሑፍ ታዘዋለህ፤ እሱ እንደ ጥሩ ማተሚያ ቤት ደርድሮ፣ አስተካክሎ ያወጣልሃል። ሲያልቅ ፒዲኤፍ ይሆናል። ፒዲኤፍ ማለት... ለአንተ እንዴት ልበልህ? ያ መስታወትህ አጠገብ የሰቀልከው መልከ መልካም ልጅ ፎቶ አለ አይደል፣ ጸጉሩ በጎን የተከፈለው? በቃ እሱ ነው። ታየዋለህ፣ ታደንቀዋለህ። ማበጠሪያህን ይዘህ ግን ፎቶውን አታበጥረውም።

እኚያ ትልቅ ሰው ሊያበጥሩት ፈለጉ።

የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ስም ውድ ነገር ነው፣ የትም አይጣልም... ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ቢሮአቸው አስጠሩኝና ወንበር ሰጡኝ። እስቲ ንገረኝ፣ አለቃ ወንበር ሲሰጥህ ልብህ አይፈራም? እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። "እጅህ ይባረክ፣ ግሩም ሥራ ነው" አሉኝ። "አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በዎርድ ካልሆነ ዓይኔ አይቀበለውም። ወደ ዎርድ ቀይረህ ስጠኝና እዚህም እዚያም ትንሽ ላጽዳልህ።" እንዲህ ያለ አለቃ ስንት ሰው ያገኛል? ሌላው አለቃ ያስጠርግሃል እንጂ መቼ ይጠርግልሃል?

ቀየርኩት። ፎቶውን መልሰህ ጸጉር አድርገው ስትባል ምን ታደርጋለህ? የሚቀይር ፕሮግራም አለ፣ ጫንኩለት፣ ቁልፉን ነካሁ። የወጣውን ብታይ ወንድሜ! መስመሩ ሁሉ ተበጣጥሶ እያንዳንዱ ለብቻው አንቀጽ ሆኗል። ሰንጠረዦቹ የፈረሰ አጥር መስለዋል፤ የቧንቧው ርዝመት ከውፍረቱ ተቀላቅሎ ከከተማ የሚሰፋ ቧንቧ አገኘን። የግርጌ ማስታወሻዎቹ በግርጌ መኖር እንደሰለቸው ሰው ተነሥተው መሀል ገብተው ተቀምጠዋል። ቀመሮቹ? አንዱም አልተረፈም፤ ሁሉም ትንንሽ ባዶ ሳጥን ሆኑ። ገጽ ስድስት ላይ ደግሞ የገጹ ቁጥር ከቦታው ወርዶ "መቶ" ከሚለው ቃል ጎን ስለተቀመጠ ውሃችን በስድስት መቶ ዲግሪ መፍላት ጀመረ። እንዲያው ግን፣ የጋሼ ፎጣ በስንት ዲግሪ ነው የፈላው? ላብ ያላባቸው መሰለኝ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የእኔ ስም ነው። በየገጹ አናት፣ ራስጌው ላይ፣ ስሜ ከነአባቴ ስም ነበር። የመጽሐፍ ወግ ነው። ወደ ዎርድ ሲቀየር ታዲያ ራስጌው ራስጌነቱን ረሳና ስሜ ከአናት ወርዶ ጽሑፉ መሀል ዘጭ አለ። በየገጹ! አንዱ ገጽ ላይ "የየቤቱ ፍሳሽ ከተሰበሰበ በኋላ" ይልና፣ እኔ ከነአባቴ እመጣለሁ፣ ከዚያ "ውስጥ ገብቶ እንዲብላላ ይደረጋል" ይላል። ሌላው ገጽ ላይ ደግሞ "ሽታው ሰፈሩን እንዳይረብሽ"፣ እኔ ከነአባቴ፣ "ዘወትር መከደን አለበት" ይላል። ስስቅ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ነው የሳቅኩት። እሳቸውም ሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ... እኔ የውሃ መምህሩ ይህን ሳላውቅ ቀረሁ፣ አይገርምህም?

"ይስጡኝ፣ ከዋናው ፋይል ጋር እያስተያየሁ በእጄ ላስተካክለው" ብላቸው "አንተማ ደክመሃል፣ እረፍ" አሉኝ። አሳረፉኝ።

ትጋታቸውን ልመስክርላቸው። እሳቸው ዎርድ ላይ ሲሠሩ አይተህ ታውቃለህ? በአንድ ጣት ነው። አንድን ርዕስ ከዳር ወደ መሀል ማምጣት ሲፈልጉ ሌላው ሰው አንዲት ቁልፍ ነክቶ ያሳልፋል፤ እሳቸው ግን የክፍተቱን ቁልፍ እየመቱ፣ እየመቱ፣ እንደ እልኸኛ በሬ እየገፉ ነው የሚያመጡት። ከላይ አንዲት ቃል ሲጨምሩ ያ የተገፋው ሁሉ ተመልሶ ይሸሻል። እሳቸው ደግሞ ይከተሉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል... ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ነው እንጂ ተረቱ የማይነግርህ።

በየገጹ የወደቀውን የእኔን ስም ግን በጣታቸው እየለቀሙ መጨረስ አልቻሉም። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። "ይህን ቃል ካለበት ፈልግና በሌላ ተካልኝ" ብለህ ኮምፒውተሩን ታዘዋለህ። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፉለት። በምን ይተካ? በምንም፤ ባዶውን ተዉት። ቁልፏን ነኩ። ወንድሜ፣ በአንድ ጊዜ ከፍሳሹም ወጣሁ፣ ከጉድጓዱም ወጣሁ፣ ከክዳኑም ስር ወጣሁ... ከሽፋኑም ወጣሁ። ኮምፒውተር ምን ያድርግ? ጉድጓድና ሽፋን አይለይም። ሰው ግን ይለያል አይደል? ሰው ሆኖ የማይለይ አለ?

ማታውን ደወሉልኝ። "አጸዳሁልህ" አሉኝ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። እኛ ክፍል ይህ ተረትም ወደ ዎርድ ሲቀየር ተገለበጠ መሰለኝ፤ ሥራው ላጣሪው፣ እሾሁ ለሠሪው ሆነ። ማተሚያ ቤቱ "ሽፋኑ ላይ ስም የለም፣ የማን መጽሐፍ ነው?" ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያዩ የሚያዝኑ ሰው ናቸው፣ ሆዳቸው አይችልም። ሞሉት... ምነው፣ ጋሼን አሳላቸው? ፎጣው ቀዝቅዞባቸው ይሆናል። ባልደረባህን አንድ ትኩስ ጨምርላቸው በለው።

መጽሐፉ እንዲያ ሆኖ ታተመ። ሳጥኖቹም አብረው ታተሙ። ለመሆኑ መምህራኑ ምን ያስተምሩ? "የውሃው ፍጥነት እኩል ይሆናል ሳጥን ሲካፈል ለሳጥን" እያሉ አስተማሩ። ተማሪው በፈተና ላይ ሳጥን ሣለ፤ ሳጥኑን አጣሞ የሣለ ወደቀ። እንዲያ ተምረው የተመረቁት ልጆች የግቢውን አዲስ ሕንጻ ቧንቧ ዘረጉ። ሄደህ ክፈተው፤ ያፏጫል እንጂ ውሃ አያወርድም። ዝናብ የዘነበ ቀን ግን ይመጣል፣ አይካድም። አንድ የማከብረው ጓደኛዬ "ሳጥኗ ጥልቅ ትርጉም አላት፣ የደራሲው ምሥጢር ናት" ብሎ በጉባኤ ላይ ተናገረ አሉ። ደራሲውም ከመድረኩ ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ አሉ።

እኔ ዝም አልኩ? አላልኩም። አቤት ስል ኮሚቴ ተቋቋመ። "መጽሐፉ ያንተ ለመሆኑ ማስረጃ አቅርብ" አሉኝ። ፒዲኤፉን አቀረብኩ፣ ስሜ በየገጹ አናት ላይ ቁጭ ብሏል። "ኮሚቴው ፒዲኤፍ አይቀበልም፣ በዎርድ አምጣ" አሉኝ። ትስቃለህ! ሳቅ፣ ግን መቀሱን ከጆሮዬ አርቅ። በዎርድ አመጣሁላቸው። ሰብሳቢው ገልጦ፣ አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ "ከዚህ እንደምንረዳው አንተ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ እንጂ ጸሐፊ አይደለህም" አለኝ። በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ሥራውን ለቀቅኩ። ማጠራቀሚያ ሆኖ ማስተማር ይቻላል እንዴ?

ይህን ሁሉ ስነግርህ ያማረርኩ መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። እኔ የምደነቀው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ መናወጥ አንድ ገጽ ብቻ ሳይነካ ተረፈ። አንዲት ፊደል አልወደቀችም፣ አንዲት ነጥብ አልተናጋችም። የመታሰቢያው ገጽ ነው። "ውሃ በጀርባው ተሸክሞ በየደጁ እየሸጠ ላስተማረኝ አባቴ" ይላል። ስም የለበትም። የገዛ አባቴ ነው፣ ስም ምን ያደርግለታል ብዬ።

እንግዲህ አስበው። የእኚያ ትልቅ ሰው አባት የታወቁ ዳኛ ነበሩ፤ አሁንም በሕይወት አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። የመኪና በር በእጃቸው ከፍተው የማያውቁ፣ ውሃ ሲጠማቸው ደወል የሚደውሉ ሰው ናቸው። በመጽሐፉ ምረቃ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አንዱ ተነሥቶ ያንን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው። ሴቶቹ አለቀሱ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እመቤት፣ "ውይ፣ እኛ እኮ የዳኛ ልጅ ይመስሉን ነበር!" አሉ። እሳቸውስ? "ኧረ ስህተት ነው" አሉ? ምን በወጣቸው! መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን አበሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ገመዱ አባቴ ትከሻ ላይ የተወው ጠባሳ እስካሁን ይታየኛል" አሉ። ዳኛው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጆሮአቸው ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አይተው እሳቸውም አጨበጨቡ።

የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይላሉ። አባትህ ራሱ ሲዘረፍ ምን እንደምታደርግ ግን ማንም አልተረተልንም። እኔም አጨበጨብኩ።

አባቴን ታስታውሰዋለህ፤ አንድ ጊዜ ይዤው መጥቼ ፂሙን ላጭተኸዋል። ያን ትከሻውን አይተህ "ምን ሆነው ነው?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በስተርጅና ነው ማታ ማታ ፊደል የቆጠረው። አንብቦ የማይስታቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ የእኔ ስምና የእሱ ስም። መጽሐፉ ወጣ ሲሉት "አምጣልኝ" አለ። ወሰድኩለት። አሞኝ ነበር ብል፣ ጠፋ ብል ይሻል ነበር፣ ግን ወሰድኩለት። ሽፋኑን በመዳፉ ጠረገና በጣቱ ፈለገ። ገለጠ። ሌላ ገጽ ላይ ፈለገ። ቀና ብሎም አላየኝም። "መነጽሬ ደክሞ ይሆናል" አለና ዘጋው።

አሁን ዓይኑ በእርግጥ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ማየቱ ከዚህ ዓመት አያልፍም ብሎኛል። አባቴ ግን ባየኝ ቁጥር "ያ መጽሐፍህ እንደገና አይታተምም?" ይለኛል።

ይታተማል አባዬ! እኚያ ትልቅ ሰው ሁለተኛ እትም ሊያወጡ ነው። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ቢሮአቸው አዲስ ኮምፒውተር ገባ። ዎርዱም አዲስ ሆነ። ያ ሲገፋ የኖረ ርዕስ ሁሉ ሸሸ፤ ሳጥኖቹ እንኳ ጠፍተው የጥያቄ ምልክት ሆኑ። እስካሁን መልስ የነበረው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጥያቄ ሆኖላቸው አረፈ። ማተሚያ ቤቱ አልነካውም አለ። ዋናው ፋይል ማን ጋ ነው ታዲያ? ጸሐፊያቸው ደወለችልኝ። "መምህር፣ ዋናውን ፋይል ላክልን ይላሉ" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ አፍራ ነው መሰለኝ ድምፅዋ ቀነሰ፣ "በዎርድ ቢሆን ይመርጣሉ" አለች።

ይመርጣሉ!

"እሺ እህቴ፣ እልካለሁ። ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንደሚሆን ብቻ ጠይቀሽ ንገሪኝ" አልኳት። ይህች ብቻ ናት ጥያቄዬ። ደወልኩ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። ደወልኩ፣ መስክ ወጥተዋል አለችኝ። ጨዋ ሴት ናት፤ ዛሬ ስደውል ውሸቱ ሁሉ አልቆባት፣ "ፂማቸውን ሊላጩ ሄደዋል" አለችኝ...

ምን አስደነገጠህ? ከተማው ውስጥ ጸጉር አስተካካይ አንተ ብቻ ነህ እንዴ? እኔ ባዶ ወንበር አይቼ ነው የገባሁት አልኩህ። ባዶ ቦታ አይቶ ዝም የማይል እሳቸው ብቻ ናቸው ያለው ማን ነው?

ይኸው፣ ፋይሉ ኪሴ ውስጥ ነው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ነገ እጠብቃለሁ ብሏል። ነገ ካልደረሰ መጽሐፉ ይቀራል፤ የአባቴ ዓይን ግን ሌላ እትም አይጠብቅም። ከእኚያ ሰው የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ይቅርታ አላልኩም፤ ይቅርታ በዎርድ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ስሙ የአንተ ነው ማለት፣ ወይም አይደለም ማለት። ይህን ለማለት ስብሰባ ያስፈልጋል? በፎጣ የተሸፈነ ሰውም ቢሆን ይለዋል እኮ።

ጨረስክ? አሳየኝ እስቲ... ቆንጆ ነው። እጅህ ይባረክ። አንተ የሰው ራስ ስታጸዳ ራሱን ለባለቤቱ ትተህ ነው፤ ይህ ትልቅ ችሎታ ነው።

ልነሣ። የጋሼ ጫማ ለምን ወደ በሩ ዞረ? ቸኮሉ? ሳልመርቃቸውማ አልወጣም፤ ያን ሁሉ ወሬዬን ታግሠው ሰምተውኛል፣ ከእሳቸው በፊት እንዲህ ዝም ብሎ የሰማኝ ሰው የለም።

ጋሼ፣ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ምርቃት ግን ሰው አይመርጥም። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስምዎ በየገጹ ራስጌ ላይ ይኑር። እንደ እርስዎ እጁ የጸዳ ሰው ይግጠምዎት። ልጅዎ ስምዎን በጣቱ ፈልጎ ያግኘው፣ መነጽሩ አይድከምበት። አባቶችዎንም ያቆይልዎት... ያንን የመኪና በር የሚከፈትለትንም፣ ይህን ትከሻው የተላጠውንም... ሰው አንድ አባት ይዞ በሚኖርበት ዓለም ለእርስዎ የተሰጡትን ሁለቱንም አባቶችዎን ጤና ያድርግልዎት!

...

ምነው፣ አሜን አይባልም እንዴ? ምርቃት እኮ ነው! ፎጣውን አንሣላቸው ወንድሜ፣ አፋቸው ታፍኖ ይሆናል... አሁንስ? አሁንም የለም?

እየጠበቅኩ ነው ጋሼ። አሜን ይበሉ እንጂ!